ወደ ጓሳ ለሚሄዱ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ነገ ማለዳ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥተን በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ወደ ጓሳ እንሄዳለን። መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣልና፤ የምንሄድበትን ምክንያት አስቀድሞ ማወቅ ይገባናል።

ይህ ያለንበት አራዳ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፤ የከተማው ገበያ በዚህ ሳለ፤ ሕዝቡ ለቤትና ለማገዶ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ቈርጦ ጨረሰ። ዕንጨት ከመታጣቱም የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ለከተማው ማገዶ ሆነለት፤ የጥንቱን ዱር ግን አልመለሰም።

የመንዝ ገበሬዎች ሀብታቸው ሳያልቅ አስቀድመው አሰቡ። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳን እስከ 3 ዓመት፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። በተዘጋበት ወራት ከብት አይሰማራበትም፤ ሣርም አይታጨድበትም፤ የደፈረ ይቀጣል። ቀኑ ሲደርስ ግን ሁሉም ባንድነት ገብቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ያጭድ ነበር።

በዚህም የተጠቀመው ሰው ብቻ አይደለም። ሣሩ ሲጠበቅ አይጥ በውስጡ ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮም አይጡን ይመገባል፤ ጭላዳም ሣሩን ይበላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኙም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በርስት ላይ የተመሠረተውም ቄሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ተጐዳ። ሕዝቡ ግን ከየቀበሌው ሰው መርጦ በአዲስ ደንብ ጥበቃውን ቀጠለ፤ የክልሉም መንግሥት በሕግ አጸናለት።

ስፍራው ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጭ ነውና ጋቢ ያዙ። አራዊቱን ከሩቅ ተመልከቱ። ውሻም አታስከትሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይፈጃልና።

መምህራን ሆይ፤ ቀበሮውን በማየት ብቻ አትመለሱ። ምድሩን ማን እንደሚዘጋው፤ ማን እንደሚከፍተው፤ አጥፊውም እንዴት እንደሚዳኝ የአገሩን ሰዎች ጠይቃችሁ ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ። ሽማግሎችም፤ በየመንደራችሁ የሚከለል ግጦሽ፤ የሚጠበቅ የደብር ዛፍ ቢኖር፤ ሕጉን ለልጆች ንገሩ። ያልተነገረ ሕግ ከሽማግሌው ጋራ ይቀበራልና።