የጉዞ ሕመም፦ ከመንገዱ እስከ መቀመጫው



በፍቼ ጫምባላላ ዕለት ወደ ጉዱማሌ የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው የሚመጣው በመኪና ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ሽማግሌውንም እናቱንም ሕፃኑንም ከየደጋው ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ይጠራል። ከሁላ ደጋ እስከ ሐይቁ ድረስ ከ1,000 ሜትር የማያንስ ቁልቁለት አለ። ስለዚህ ከመኪና ሲወርድ ጭፈራውን ትቶ ጥላ የሚፈልግ፣ ፊቱ አመድ የመሰለ፣ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ ያራሰው መንገደኛ አይጠፋም። ቤተሰቡ «መኪና አይስማማውም» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

ይህ አባባል ጥፋቱን ሁሉ በተሳፋሪው ሆድ ላይ የሚጥል ነው። የጉዞ ሕመም ግን በመሠረቱ የሆድ በሽታ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች የራስን መዞር ይለካሉ፤ ጥቃቅን የኖራ ጠጠሮች የያዙት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚደረገውን የፍጥነት ለውጥ ያስታውቃሉ። በአውቶቡስ መካከል የተቀመጠ ሰው ዓይኑ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ብቻ ስለሚያይ «ተቀምጠሃል» ሲለው፣ ጆሮው «ትወዛወዛለህ» ይለዋል። አንጎል እነዚህን ሁለት ምስክሮች ማስታረቅ ሲያቅተው ማዛጋት፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ በመጨረሻም ትውከት ይከተላል። ሹፌሩ በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ እየሄደ እምብዛም የማይታመመው ኩርባውን አስቀድሞ ስለሚያየውና መሪው በእጁ ስለሆነ ነው።

መሐንዲስን ይበልጥ የሚመለከተው ውዝዋዜው በምን ያህል ጊዜ የሚመላለስ መሆኑ ነው። ኦሃንሎንና ማኮሌይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚደረጉት እንቅስቃሴዎች ሁሉ አብልጦ የሚያጥወለውለው በ5 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚመላለሰው ቀርፋፋው መሆኑን አሳይተዋል። የኮረኮንች መንገድ መንቀጥቀጥ ከዚህ እጅግ የፈጠነ ስለሆነ ወገብ ይሰብራል እንጂ እንደ ቀርፋፋው ውዝዋዜ አያስታውክም። ከዚህም የተነሣ ያልተጠበቀ ነገር ሊደርስ ይችላል፤ ኩርባው ሳይስተካከል አስፋልት የለበሰ መንገድ ሹፌሩን ያፈጥነዋል፣ ተሳፋሪውንም ከቀድሞው ይልቅ ያሳምመዋል። ራዲየሱ 100 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ የመንገዱ ዘንበል ማለት ሳይታሰብ፣ ተሳፋሪውን በሴኮንድ ካሬ 2.8 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋዋል። ፍጥነቱ ወደ 40 ዝቅ ቢል ግፊቱ 1.2 ብቻ ይሆናል። ፍጥነት በሲሶ ሲቀንስ ግፊቱ ከግማሽ በላይ ይወርዳል ማለት ነው። የጉዞውን ሰዓት የሚቆጥር የመኪና ባለቤት ይህን ሒሳብ ቢያውቀው ምንኛ በጎ ነበር!

ከሻሸመኔ እስከ ሀዋሳ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ሜዳማ ነው፤ ጥፋቱን በኩርባ ማሳበብ አይቻልም። እዚያ ተሳፋሪውን የሚያውከው ባጃጅ፣ ጋሪ ወይም ከብት በታየ ቁጥር ፍሬን እየረገጡ ወዲያው ነዳጅ መስጠት ነው። ተርነርና ግሪፊን የተባሉ ተመራማሪዎች በብሪታንያ 3,256 የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ 28.4 ከመቶ የሚሆኑት በጉዞው ሕመም ተሰምቷቸው ነበር። የፊቱን መንገድ ማየት ያልቻሉት ሰዎች ከሚያዩት ይልቅ ለሕመሙ በ3 እጥፍ ያህል የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ስለሆነም ከፍ ያለ የወንበር ጀርባና የተጋረደ መስኮት ያለው «ዘመናዊ» አውቶቡስ ለሕመምተኛው ወዳጅ አይደለም። የፊተኛው መቀመጫ ለሚያስመልሰው ሰው ቢለቀቅ፣ ረዳቱ ኋላ ፌስታል ከማደል ይድናል።

ስለ መስኮትም አንድ ነገር መነገር አለበት። «ነፋስ ይመታናል» እየተባለ የጢስና የምግብ ሽታ ከሕዝቡ ጋር የሚዘጋበት ልማድ መልካም አይደለም። ሽታ ብቻውን ሕመሙን አይፈጥርም፤ የጀመረውን ግን ያብሰዋል። መስኮቱን ጥቂት ከፈት ማድረግ፣ ሎሚ ከማሽተት ጋር ተጨምሮ ብዙ ያሳርፋል። ከመነሣት በፊት ቀለል ያለ ነገር መቅመስ፣ ቅባት የበዛበትንና መጠጥን መተው፣ ራስን ከወንበሩ አስደግፎ ሩቅ ማየት፣ ከሞባይልና ከመጽሐፍ መራቅ ይገባል። በተለይ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ይበልጥ ስለሚጠቁ ውጭውን በሚያዩበት ወንበር ይቀመጡ። ካስታወካቸው ውኃ ጥቂት በጥቂቱ ይሰጣቸው።

እንደ ዳይመንሃይድሪኔትና ፕሮሜታዚን ያሉ መድኃኒቶች የሚረዱት ከጉዞው በፊት፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ሲወሰዱ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን አብሮ ይወጣል። እንቅልፍ ስለሚያመጡ ለሹፌር አይሆኑም። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳታማክር መድኃኒት አትውሰድ።

ጉዱማሌ ደርሶ በጀልባ ሐይቁን ሊጎበኝ ለሚወጣ ሰው ደንቡ ያው ነው። ነፋስ ከተነሣ ከጀልባዋ መካከል ፊትን ወደ ፊት አድርጎ መቀመጥ፣ ዓይንንም ከማዕበሉ አንሥቶ በማይነቃነቀው በታቦር ተራራ ወይም በአላሙራ ላይ ማሳረፍ ያሻል። ጉማሬ ለማሳየት ሞተር በሚጠፋበት ጊዜ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ይበልጥ ስለምትወዛወዝ፣ ቀዛፊው የተሳፋሪዎቹን ፊት አይቶ ሞተሩን ቶሎ ቢያስነሣ፣ አፍንጫዋንም ወደ ነፋሱ ቢመልስ ይሻላል።