ስለ ጉና ተራራ ጥቁር አፈር

ከደብረ ታቦር በደቡብ ምሥራቅ የሚታየውና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና፥ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ነበር። ከሆዱ የተፋው ቅልጥ ድንጋይና አመድ በዝናብና በብርድ ፈርሶ፥ ከአስታው ቅጠል ብስባሽ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር አፈር ሆነ።

ይህ አፈር ከፎገራ ዋልካ የተለየ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ይጣበቃል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጉናው ግን ሲያነሡት ቀላል፥ ሲያሹት ለስላሳ ነው። የክረምቱን ውሃ መጥጦ በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃልና፥ ወደ ጣና የሚፈሱትን የጉማራንና የርብን ምንጮች ይመግባል።

ሆኖም ሁለት ክፉ ጠባይ አለበት። አንደኛ፥ ፎስፎር የተባለውን የእህል ምግብ አጥብቆ ስለሚይዝ፥ ጥቁርነቱን አይቶ ብዙ እህል የሚጠብቅ ይታለላል። ሁለተኛ፥ ዱሩ ተመንጥሮ ፀሐይ ሲመታው ዱቄት ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ከደረቀ እንደ ቀድሞው ውሃ አይጠጣም፤ ነፋስና ጐርፍም ይወስደዋል። እንግዲህ አስታን የሚመነጥር የታችኛውን አገር ምንጭ ያደርቃል።

መምህሩ ልጆቹን ወደ ተራራው ያውጣ፤ ከዛፍ ሥርና ከተመነጠረው መሬት እፍኝ እፍኝ አፈር አስይዞ ውሃ ያፍስስበት፤ ልዩነቱን ራሳቸው ይፈርዳሉ። ሽማግሌውም ዱሩ ቀድሞ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበረ ይንገራቸው።