ከስፍራው የተንሸራተተ የወገብ አጥንትና ሕክምናው



የሙያዬ ባልሆነ ጉዳይ ለመናገር መነሣቴን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ነገሩን የተማርኩት ከገዛ ወገቤ ነው። ከጊንጪ ወደ ጎጆ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት ተሳነኝ፤ ሕመሙም ከወገቤ ተነሥቶ እስከ ግራ ተረከዜ ወረደ።

ከሠራተኞቹ ግማሾቹ «አምቦ ፍል ውሃ ይግቡ»፣ ግማሾቹ «ወጌሻ ይሽዎት» አሉኝ። ፍል ውሃ በእርግጥ ጡንቻን ያፍታታል። ወጌሻም ለወለቀ ትከሻ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዓመታት የተንሸራተተን አጥንት በአንድ ጠዋት ገፍቶ የሚመልስ እጅ የለም፤ ሙከራውም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ነገሩ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። አምስተኛው የወገብ አጥንት የሚያርፈው በደልዳላ መሠረት ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው። ተዳፋቱ 40 ዲግሪ ቢሆን ከላይ ከሚመጣው ጭነት 64 በመቶ የሚያህል ኃይል አጥንቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህን ግፊት ከሚይዙት አንዱ ከኋላ ያለው ቀጭን የአጥንት ድልድይ ነው። እርሱም ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና በተደጋጋሚ ጫና ይሰነጠቃል፤ እኛ የብረት ድካም የምንለው ዓይነት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በተለይ በሴቶች፣ ድልድዩ ሳይሰበር መገጣጠሚያው በማርጀቱ ብቻ አራተኛው በአምስተኛው ላይ ይንሸራተታል።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሜየርዲንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው መለኪያ እስከ 25 በመቶ የሆነ መንሸራተት አንደኛ፣ እስከ 50 የሆነው ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። የእኔ አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ሐኪሞች ተለያዩብኝ፤ አንደኛው በብሎንና በዘንግ እንሰረው አለ፣ ሁለተኛው እንታገሥ። መሐንዲስ ነኝና ልቤ ወደ ብሎኑ አዘነበለ። ሁለተኛው ያስረዳኝ ግን ብረቱ የተጨመረው አጥንት ከነባሩ ጋር እስኪዋሐድ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ኮንክሪት እስኪጠና እንደሚደግፍ ፎርምወርክ ብቻ መሆኑን ነው። ውሕደቱ ከቀረ ብረቱም ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ይሰበራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው ከባድ ሸክም መተው፣ ማስታገሻ መድኃኒትና የሆድና የወገብን ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ነው። ተኝቶ መክረም ጡንቻን ያላላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ይህ ለወራት ተሞክሮ ሳይረዳ ሲቀር፣ መንሸራተቱ ሲጨምር ወይም እግር ሲዝል ነው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም መቀመጫ ከደነዘዘ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መጓዝ ነው።

በእርጅና ለሚመጣው ዓይነት አጥንቱን ማያያዝ ራሱ አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የስዊድንና በ2021 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ነርቩን ከጫና ማላቀቅ ብቻ ከማያያዝ እንደማያንስ አሳይተዋል፤ በዚያው በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ማያያዙ በመጠኑ እንደሚሻል አግኝቷል። በአገራችን ምርጫው ራሱ ገና አዲስ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናን ከኖርዌይ በርገን ጋር ተባብሮ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር።

እኔ ሁለተኛውን ሐኪም ሰማሁ። የእግሬ ሕመም በአራት ወር ጠፋ፤ የወገቤ ግን በጎጆ ብርድ ይነሣብኛል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እያለ የሚያነሣው ጎረምሳ ነው፤ ድልድዩ በሚሰነጠቅበት ዕድሜ ላይ ይገኛልና። በሥራ ቦታዬ ከረጢቱ በሁለት ሰው፣ ከመሬት ሳይሆን ወገብ በሚደርስ መደብ ላይ እንዲነሣ አዘዝኩ። ፎርማኑ ሥራው ይጓተታል ብሎ አጉረመረመ። በእርግጥም ተጓትቷል፤ መደቡ ግን አልተነሣም።