ያገለገለ ዶዘር ከመግዛታችን በፊት
ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች የተሰጠ ገለጻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት፤

ወደ ደብሩ የሚወስደውን መንገድ ለመጥረግ፣ ለአትክልትና ለከብት የሚሆን ኩሬ ለማውጣት ያገለገለ ዶዘር መግዛት ይበጅ እንደሆነ ከአጥቢያዎች ጥያቄ ቀርቦልናል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከሙዳየ ምጽዋት፣ ከስእለትና ከአሥራት የተሰበሰበ፣ ድኻይቱ መበለት ከጓዳዋ ቀንሳ የሰጠችው ነው። ጌታችንም በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወደውን ሰው ምሳሌ አድርጎ ወጪን አስቀድሞ ማስላት እንደሚገባ አስተምሮናል።

እኛም በአንድ ወቅት አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የሰዓት ቆጣሪውም ጥቂት ሥራ ብቻ የሚያሳይ ዶዘር አይተን ወደ ዋጋ ንግግር ቸኩለን ነበር። አብሮን የሄደው መካኒክ ግን ፔዳሎቹን አሳየን፤ የእግር ብዛት በልቷቸው ብረታቸው ያብረቀርቅ ነበር። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፤ ቆጣሪም ይለወጣል፤ ያለቀ ብረት ግን እውነቱን ይናገራል። በዚያ ቀን ገንዘባችንን ይዘን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ የምንከተለውን ሥርዓት እነሆ።

በመጀመሪያ ሞተሩን እንመርምር። ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው እንንገረው፤ ስንደርስም ቀዝቃዛ መሆኑን እናረጋግጥ። የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት በውኃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍም አሳሳቢ ነው። ከተነሣ በኋላ ጭሱን እንመልከት። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የነዳጅ መብዛትን፣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት ማቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ወይም ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያሳያል።

ሁለተኛው የዶዘሩ እግር፣ ይኸውም ሰንሰለቱ፣ ሮለሮቹና ስፕሮኬቱ ነው። ባለ ሰንሰለት መሣሪያ ከሚጠይቀው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰው በዚህ ክፍል ላይ ሊውል ይችላልና በችኮላ አንለፈው። የስፕሮኬቱ ጥርሶች እንደ ጦር ጫፍ ከሾሉ አልቀዋል። በሾሉ ጥርሶች ላይ አዲስ ሰንሰለት ቢታይ ለሽያጭ የተደረገ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት ፈጥኖ ይጨርሰዋልና። ሰንሰለቱን ወጥረን የበርካታ መጋጠሚያዎችን ርዝመት በሜትር እንለካ፤ ልኩንም ፋብሪካው ካወጣው ሰንጠረዥ ጋር እናስተያይ። የግራውንም የቀኙንም መለካት ይገባል።

ሦስተኛው በሥራ ላይ መፈተን ነው። ቆሞ የሚያጓራ ዶዘር ምንም አያረጋግጥም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አፈር ይግፋ። ጭነት ይዞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዙር፤ ወደ አንድ ወገን ለመዞር የሚያመነታ ከሆነ የመሪው ክፍል ወይም ፍሬኑ ታሟል። ከዚያም ብሌዱን ከፍ አድርገን ሞተሩን እናጥፋ። ብሌዱ ፈጥኖ ከወረደ የሃይድሮሊኩ ማኅተም ወይም ቫልቩ ያፈስሳል፤ በዚህ ጊዜ ማንም ከሥሩ አይቁም። በመጨረሻም ከእግሩ የማርሽ ቤት ጥቂት ዘይት እናውጣ፤ የብረት ፍቅፋቂ ከታየበት ጥርሶቹ እየተበሉ ነው። የሻሲው ብየዳና ስንጥቅም አይታለፍ።

አራተኛው ሰነዱ ነው። በመሣሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር አንድ ይሁን። የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ከቀረጥ ነጻ ገብቶ እንደሆነም ስም ከመዛወሩ በፊት የጉምሩክ ጉዳዩ ይለቅ።

ምርመራውን የሚያካሂደው መካኒክ በሻጩ ወይም በደላላው የመጣ ሳይሆን እኛ የመረጥነውና የከፈልነው ይሁን። ከሻጩ ጋር ዝምድና ያለው የኮሚቴ አባል ከውሳኔው ይራቅ። የተገኘው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሻጩ ዶዘሩን በሥራ እንዳንፈትን ወይም ዘይቱን እንዳናይ ከከለከለን፣ መከልከሉ ራሱ በቂ መልስ ነው።

ከመግዣው ዋጋ በላይ የሎቤድ ኪራይ፣ መለዋወጫ፣ ነዳጅና የኦፕሬተር ደመወዝ አሉ። ሥራው የጥቂት ሳምንታት ከሆነ መከራየት ይሻላል፤ መጥኖ መደቆስ ከእሳቱ በፊት ነውና።

ተበላሽቶ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቆም ዶዘር ገንዘብን ብቻ አያጠፋም። ምእመናን በየእሑዱ እያዩት ያልፋሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለልማት እጃችንን ስንዘረጋም ያስታውሱታል። ስለዚህ ለመመርመር የምንሰጠው አንድ ቀን የእነርሱን አመኔታ የምንጠብቅበት ቀን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።