የባሮ ዳር ወረቀቶች፦ ስለ በራሪ ጽሑፎችና ቁርጥራጮች አመዘጋገብ



ዛሬ የምናገረው ደራሲም ርእስም ስለሌላቸው ወረቀቶች ነው።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ለእንግሊዞች በኪራይ ፈቀዱ። ጣቢያው በጋምቤላ ተተከለ፤ ወንዙ በሚሞላበት ወራት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። እንዲህ ያለ ንግድ የሚወልደው መጽሐፍ ሳይሆን ደረሰኝ፣ የጭነት ዝርዝርና ማስታወቂያ ነው።

በአንዱ ወረቀት ላይ «1902» የሚል ብቻ ቢገኝ በማን አቆጣጠር ነው? የውሉ ዓመት ለአውሮፓውያን 1902፣ ለእኛ 1894 ነው። ሳያጣራ የመዘገበ ሰው ሰነዱን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያዛንፈዋል። ስለዚህ የተጻፈውን እንዳለ እንገልብጥ፤ ግምታችንን በማእዘን ቅንፍ እንለይ።

እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ እሽግ ፈትቼ ወረቀቶቹን በመጠናቸው ደረደርኋቸው። ሥርዓት ያስያዝኋቸው መስሎኝ ነበር። የትኛው ከየትኛው ጋር ታስሮ እንደ ነበረ ግን ዛሬ የሚያውቅ የለም። ያ ጥፋት እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቋንቋ ነው። በአኙዋክኛ ወይም በኑዌርኛ የታተመች ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ፣ ቋንቋውን በማያነብ መዝጋቢ እጅ «ልዩ ልዩ» ከተባለች፣ በመደርደሪያ ላይ እያለች የለችም። ፈላጊዋ በስሟ ጠርቶ አያገኛትምና። እንግዲህ ቋንቋውን የሚያነብ የአገሬው ሰው ከመዝጋቢው ጎን ይቀመጥ፤ ካርዱም በሁለቱ እጅ ይጻፍ።