የትኛውን እንሥራ? የትኛውንስ እንተው?

(ስለ ትምህርት ቤት ደብዳቤና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለወላጆችና ለወጣት በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ከሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ሳለ ወደዚህ ስብሰባ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጉዳያችን ወጣቶቻችን ለወላጆች ሊሠሩት ያሰቡት የስልክ አፕሊኬሽን ነው። ዓላማው ከትምህርት ቤት በዕብራይስጥ የሚመጣውን ደብዳቤ ወላጅ በአማርኛ እንዲረዳው ማድረግ ነው። ወጣቶቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በዕብራይስጡ ቢና መላኹቲት በሚባለው፣ ሊሠሩ የሚችሉ ስድስት ነገሮችን ዘርዝረው አምጥተዋል። ጊዜውም ገንዘቡም ለስድስቱ አይበቃም። ቢበቃም እንኳ ሁሉም መሠራት አለባቸው ብዬ አላምንም። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥራዬ መምህራንን ማሠልጠን ነው። ስለዚህ ከማውቀው ልነሣ።

በፈረንጅ አቆጣጠር በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በመርካዝ ክሊታ ሳለን ከቤተሰቡ ቀድሜ ዕብራይስጥ የለመድኩት እኔ ስለነበርኩ የቤቱ አስተርጓሚ ሆንኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት መጣ። አባቴ «ምን ይላል?» አለኝ። ግማሹን ቃል አላውቀውም ነበር፤ አላውቀውም ለማለት ግን አፈርኩ። ያወቅኋቸውን ሁለት ሦስት ቃላት ይዤ «ለጉዞ ነው፣ ለቲዩል» አልኩት። አባቴም ፈረመ። ወረቀቱ ግን እኔን ከክፍሌ አውጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ለማዛወር የወላጅ ስምምነት የሚጠይቅ ነበር። ከዚያ ክፍል ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አልዋሸሁም፤ ገመትኩ። ገምቼም እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ።

ይህን ያነሣሁት መሣሪያውም የሚሠራው እንደዚያ ልጅ ስለሆነ ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል ይገምታል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ሲሳሳት ግን አይንተባተብም፤ ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም አነጋገሩ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ የተመገበው ጽሑፍ እንደ ባሕር ነው፤ በአማርኛ ግን ጥቂት ነው። የጎንደር ገጠር አነጋገር ከዕብራይስጥ ጋር ተቀላቅሎ በየቤታችን የሚነገረውማ በጽሑፍ ጭራሹን የለም ለማለት ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ እየተሻሻለ ሄዷል። ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ያስገባው በ2016 ነው። በ2022 መጨረሻ ቻት ጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ማሽን የሚጽፈው አማርኛ እየጠራ መጥቷል። ይሁንና መጥራቱ ራሱ አደጋ አለው። አማርኛው ባማረ መጠን ስሕተቱ ይደበቃል።

ሁለት ቃላት ብቻ ልጥቀስ። በዕብራይስጥ ደብዳቤ «ሙዝሜኔት ለቫዓዳ» ተብሎ ይጻፋል። ቃል በቃል ሲተረጐም «በኮሚቴ ስብሰባ ተጋብዘዋል» ይሆናል። እኛ ዘንድ የሚጋበዘው ለሠርግ ነው፤ ሥራ ያለበት ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይቀራል። ደብዳቤው ግን ስለ ልጅሽ ሊወሰን ነውና ቅረቢ ማለቱ ነው። ሁለተኛው «ሕኑኽ ምዩሐድ» ነው። ቃል በቃል «ልዩ ትምህርት» ማለት ነው። በአማርኛ ልዩ ያልነው ነገር ደግሞ ከሌላው የበለጠ ነው። እናት «ልጄ ተመረጠልኝ» ብላ ደስ ብሏት ትፈርማለች። በመዝገበ ቃላት ሁለቱም ትርጉሞች ስሕተት አይደሉም። በልጅ ዕድል ላይ ግን ያመጡት ጥፋት ቀላል አይሆንም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር በአፕሊኬሽኑ ከማስገባታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ይህ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቀላል መንገድ ሊሠራ አይችልም ወይ? ሁለተኛ፣ ሲሳሳት ስሕተቱን ማን ያውቃል፣ ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ወረቀታችን ወዴት ይሄዳል፣ ማንስ ያስቀምጠዋል? በእነዚህ ጥያቄዎች የወጣቶቹን ዝርዝር እንመዝነው።

የመጀመሪያው ቀንና ሰዓትን ማስታወስ ነው። ደብዳቤው «8:00» ይላል። መሣሪያው «ስምንት ሰዓት» ብሎ ቢያነበው አዛውንቶቻችን የሚረዱት ከቀትር በኋላ ያለውን ስምንት ሰዓት ነው፤ የሚደርሱትም ስብሰባው ከተጀመረ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። «ከጧቱ ሁለት ሰዓት» ብሎ ለመናገር ደግሞ ስድስት መቀነስ ብቻ ይበቃል። ይህ አስተውሎት አያሻውም። በቅድሚያ ይሠራ።

ሁለተኛው ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቶ በአማርኛ በድምፅ ማንበብ ነው። ይህንንም እደግፋለሁ። ብዙ እናቶቻችን ዕብራይስጥም አማርኛም አያነቡም፤ ጆሯቸው ግን ሁሉን ይሰማል። ደብዳቤውን በገዛ ጆሯቸው ከሰሙ ልጅ በወላጁ ላይ አለቃ መሆኑ ይቀራል። ሆኖም ሁለት ነገር ይጨመርበት። እንደ ቫዓዳ፣ ምዩሐድ፣ ኢቭሑን ያሉትን ቃላት መሣሪያው እንዳይገምታቸው መምህራንና ሽማግሌዎች ተቀምጠው ትርጉማቸውን በቅድሚያ ይወስኑ። እነዚህ ቃላት ወይም ፊርማ የሚጠይቅ ነገር በደብዳቤው ውስጥ ሲገኝ ደግሞ መሣሪያው «ይህ ደብዳቤ ሰው ይፈልጋል» ብሎ ከሜጋሼር ወይም ከበጎ ፈቃደኛ ጋር ያገናኝ።

ሦስተኛው ረጅሙን ደብዳቤ በሦስት መስመር ማሳጠር ነው። ይህ ይቅር። ማሳጠር ማለት መተው ነው። የተተወው ነገር የይግባኝ ቀን ቢሆን፣ ያልሰማችውን ነገር እናት እንዴት ታውቃለች?

አራተኛው የወላጅን የአማርኛ ንግግር ለመምህሩ የዕብራይስጥ መልእክት ማድረግ ነው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ግን ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ። ሲሠራም የተጻፈውን ዕብራይስጥ መልሶ በአማርኛ ያሰማ፤ ወላጅ ሰምታ «ይሂድ» ሳትል አንድም ቃል አይላክ።

አምስተኛው ስለ መብት የሚጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ነው። ስለ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ትምህርት ክፍያ ቢጠየቅ መሣሪያው መልስ አያጣም፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነው። ደንቡም የገንዘቡ መጠንም በየጊዜው ይለወጣል። የዛሬ ሦስት ዓመቱን ደንብ የዛሬ አስመስሎ ቢናገር ቀኑ የሚያልፍባት እናት እንጂ መሣሪያው አይደለም። በዚህ ፈንታ መልስ የሚሰጥ ሰው ስልክ ቁጥር ይቀመጥ።

ስድስተኛው የትኛው ተማሪ ወደ ኋላ እንደሚቀር መተንበይ ነው። ይህን ፈጽሞ እቃወማለሁ። መሣሪያው የሚማረው ካለፈው መዝገብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ልጆቻችን ያለ አግባብ ዝቅ ተደርገው ከተጻፉ፣ ያንኑ ፍርድ ነገ ይደግመዋል። በ2018 ጆይ ቡላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን መሣሪያዎች መርምረው ነበር። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስሕተት ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ደርሷል። ለሌላው የሠራ መሣሪያ ለእኛም ይሠራል ብለን መቀበል የለብንም።

የወረቀቱንም ነገር አትርሱ። በደብዳቤው ላይ የልጁ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና አንዳንዴም የሐኪም ምርመራ አለ። የግል ምስጢር ጥበቃ ሕግ በአገራችን ከ1981 ጀምሮ አለ፤ በአውጉስት 2025 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያም ጠንክሯል። ፎቶው ከተነበበ በኋላ እንዲጠፋ፣ ለሌላ ማሠልጠኛም እንዳይውል ከመጀመሪያው ይወሰን።

አንድ ወጣት «ሜጋሼር ማታ አይገኝም፤ ጎደሎ ትርጉም ከምንም አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ጉዞና ስለ ምሳ ዕቃ ለመጣ ደብዳቤ አዎን ይሻላል፤ ንባቡን የደገፍኩትም ስለዚህ ነው። ፊርማ ለሚጠይቅ ደብዳቤ ግን እስከ ነገ መጠበቅ ይሻላል። ምንም ያልሰማች እናት ትጠይቃለች፤ የተሳሳተ የሰማች እናት ትፈርማለች።

እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሠላሳ የቆዩ ደብዳቤዎች እንሰብስብ። ስምና ቁጥራቸው ይፋቅ። መሣሪያው ለእናቶች ያንብብላቸው። ከዚያም «ገባዎት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለእናንተ ክብር ሲሉ «ገብቶኛል» ይላሉ። «እማማ፣ ነገ ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸው ደብዳቤው ከሚለው ጋር ካልገጠመ፣ ያ ነገር ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ወላጆችም በበኩላችሁ በየመሳቢያው ያስቀመጣችሁትን ወረቀት አምጡ። ያልገባችሁን ደብዳቤ ማምጣት አያሳፍርም። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ «አላውቅም» ለማለት አፍሬ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ። መሣሪያችንን ከሁሉ በፊት ልናስተምረው የሚገባው ቃልም ይኸው «አላውቅም» የሚለው ነው።