ዓሣችን ተመርምሮ ምን ተገኘ?

በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



በሂሳብ ሪፖርቱ ላይ «የላቦራቶሪ ምርመራ» የሚል አዲስ ወጪ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። «ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድገን የተበላሸ ዓሣ መለየት ያቅተናል?» ያላችሁንም አለን። አያቅተንም። ዓይኑን አይተን፣ ሥጋውን ጫን አድርገን የትናንቱን ቆሮሶ ከዛሬው እንለያለን። ሳልሞኔላ ግን ዓሣውን ሳያሸትት፣ መልኩንም ሳይለውጥ ሊኖርበት ይችላል።

ባለፈው ክረምት ከጥሬ ፊሌቶ፣ ከተጠበሰና ከደረቀ ዓሣ ናሙና ልከን ነበር። በጥሬው ፊሌቶ ሳልሞኔላ ተገኘ። ከተጠበሰው ደግሞ ኢ ኮላይ። ይህኛው ይበልጥ አስደነገጠን፤ በደንብ የተጠበሰ ዓሣ ላይ ኢ ኮላይ አይተርፍም። እንግዲያው ከምጣዱ ከወጣ በኋላ ነው የገባው፦ በእጃችን፣ ወይም ጥሬው በተከተፈበት መክተፊያ።

ምርመራው ቀናት ይወስዳል። ከዓሣው 25 ግራም ተመዝኖ፣ የተዳከመ ባክቴሪያ ቢኖር እንዲያገግም በ225 ሚሊ ሊትር ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ያድራል። ቀጥሎ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች የሚያፍን ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም እንደ ጄሊ በረጋ ማሳደጊያ ላይ ይዘራል። መሃላቸው የጠቆረ ነጠብጣቦች ከታዩ እንደገና በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። እኛም ሂሳብ ስናመሳክር በጥርጣሬ ብቻ አንጽፍም።

ውጤቱ እጃችን ሲገባ የዚያን ቀን ዓሣ ከተበላ ሰንብቷል። የታመመ ሰው መጥቶ አልነገረንም፤ ያም ሆኖ የሚያጽናና አይደለም። «ከየትኛው ጀልባ? በየትኛው ጠረጴዛ የተከተፈ?» ስንባል መልስ አልነበረንም። ጥፋቱ የእኛ የሂሳብ ክፍል ነው፤ ደብተራችን ኪሎና ብር እንጂ ሌላ አይመዘግብም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ጀልባው፣ ሰዓቱና የጠረጴዛው ቁጥር ይጻፋል። «ጽሕፈት በዛ» የምትሉን እህቶች፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የደረቀው ዓሣ ምንም አልተገኘበትም። ቢሆንም የተመረመረው 25 ግራም ነው፤ ጆንያውን ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አንችልም። ሳልሞኔላ በደረቅ ምግብ ላይ ባይራባም ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ከሁሉ የበለጠ ትርፍ የሚሰጠን፣ ደንበኛው በዳጣ እየጠቀሰ በጥሬው የሚበላው ፊሌቶ ነው። ዳጣውም ሎሚውም ባክቴሪያውን ለመግደል አያስተማምኑም። ስለዚህ ሐሳባችን ጥሬ ፊሌቶ ለጊዜው ይቁም የሚል ነው። የወር ድርሻችን እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ስሌቱን የሠራነው ራሳችን ነን።

ለደጋፊዎቻችን፤ በመጀመሪያው እቅድ ማቀዝቀዣ ጠይቀናችሁ ነበር። ቅዝቃዜ የባክቴሪያውን መራባት ይገታል እንጂ አይገድለውም፤ ማቀዝቀዣው የሚያቆየው የገባለትን ነው። እስካሁን ጠረጴዛ የምናጥበው በሐይቁ ውሃ ነው፤ አባ ኮዳዎቹም ከበላያችን ናቸው። በዚያው ገንዘብ የቧንቧ ውሃ፣ ለጥሬና ለበሰለ የተለያየ መክተፊያ፣ ከጠረጴዛዎቹ በላይም ጣሪያ ይቅደም። የተስተካከለው በጀት በእጃችሁ ባለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው፤ ጥያቄ ካለ እንመልሳለን፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።